በቦርከና ዳር ያቆረ ውኃ በድሮን ስንፈልግ ፎቶው ይነጣል፣ ካርታው ይቀዳደዳል፤ ምን እናርም?

ሐርቡ_ጤና፦

ሰላም ለሁላችሁም። ከኮምቦልቻ በታች ቦርከናን ተከትለው እስከ ሐርቡ ባሉ ቀበሌዎች፣ ለወባ ትንኝ መራቢያ የሚሆኑ ውኃዎችን በድሮን ፎቶ ካርታ ላይ ልናወጣ ነው። የተመረጠው መሬት ሲደመር 400 ሄክታር ያህል ይሆናል፤ የወንዙ አሸዋማ ዳርቻ፣ የመስኖ ማሳ፣ የከብት መልካ፣ አሸዋና የሸክላ አፈር የሚወጣባቸው ጉድጓዶች፣ ትንሽም ጨፌ አለበት። እጃችን ላይ ያለው አንድ ፋንቶም 4 ፕሮ ድሮን፣ አራት ባትሪ፣ 16 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ፣ የድሮን ፎቶዎችን አጋጥሞ ካርታ የሚያወጣው ዌብ ኦዲኤምና የካርታ መሥሪያው ኪውጂአይኤስ ነው። የበረራ ፈቃዱ አልቋል።

የሙከራ በረራው በ120 ሜትር ከፍታ፣ በ60 በመቶ የፎቶዎች መደራረብ፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ ነበር። ግማሹ ውኃ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ወጣ። ቡናማው ውኃ ከእርጥብ አፈር አይለይም። ወደ ተዳፋቱ በኩል ያለው ካርታ ቀዳዳ በዝቶበታል። በከብት ኮቴ ውስጥ ያቆረው ውኃ ደግሞ ጭራሽ አይታይም።

ከፍታው፣ ሰዓቱና ወቅቱ ምን ይሁን? ከሚታየው ብርሃን ውጪ የሚያነሳ ካሜራ ካልገዛን ሥራው አይሆንም ወይ? ባቲ ላይ ያሉ ባልደረቦቻችንም ይህንኑ አሠራር ሊጠቀሙ ይፈልጋሉ፤ ለእነሱስ ይሠራል?

ካርታ_ሠሪ፦

አብሽሩ፣ አራቱም ችግሮች ምክንያታቸው ይታወቃል።

ውኃውን ያነጣው ሰዓቱ ነው። የፋንቶም 4 ፕሮ ካሜራ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲያይ ከመሃሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ 37 ዲግሪ ያህል ይከፈታል። ፀሐይ ከአድማስ 53 ዲግሪ ካለፈች ነጸብራቋ ፎቶው ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ በመስከረም ወሎ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ደግሞ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል። የምትፈልጉት ፀሐይ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ የምትሆንበትን ጊዜ ነው፤ እሱም በመስከረም መጨረሻ ከጠዋቱ 2፡15 እስከ 3፡40 ግድም ነው። ከዚያ ቀደም ብላችሁ ከተነሳችሁ የዛፍና የገደል ጥላ ይረዝማል፣ ጥላ ደግሞ በፎቶ ላይ ውኃ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜም ፀሐይዋ እዚያው ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ነገር ግን በሸለቆው ነፋስ ስለሚነሳ ጠዋቱን እመርጣለሁ። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ በስስ ደመና ከተሸፈነ ጥላም ነጸብራቅም ስለሌለ መብረር ይቻላል። አስቸጋሪው ደመናው ቁርጥራጭ ሲሆን ነው፤ አንዱ መስመር ብሩህ፣ ቀጣዩ ጨለማ ይወጣል።

ወደ ከፍታው ስንመጣ፣ በዚህ ካሜራ የበረራውን ከፍታ በሜትር ለ36.5 ብታካፍሉት አንድ ፒክስል መሬት ላይ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚሸፍን ታገኛላችሁ። በ120 ሜትር 3.3፣ በ100 ሜትር 2.7፣ በ60 ሜትር 1.6 ሴንቲሜትር ነው። አንድ ነገር በዓይን ተለይቶ እንዲታወቅ ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ 4 ወይም 5 ፒክስል መያዝ አለበት። ስለዚህ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የከብት ኮቴ በ120 ሜትር አይታይም፣ በ100 ሜትርም ያጠራጥራል። ግን ኮቴን አንድ በአንድ ማሳደድ የለባችሁም። ካርታ ላይ የሚወጣው ኮቴው የሚበዛበት ጭቃማ መልካ ነው፤ እሱ ደግሞ በ100 ሜትር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለ400 ሄክታር 100 ሜትር ይበቃል፣ 60 ሜትሩን ለመልካዎቹ ብቻ አቆዩት።

በ100 ሜትር አንድ ፎቶ 150 በ100 ሜትር መሬት ይይዛል። የፊት መደራረቡን 75 በመቶ፣ የጎኑን 70 በመቶ ካደረጋችሁ በየ25 ሜትሩ ፎቶ ይነሳል፣ በመስመርና በመስመር መካከል ደግሞ 45 ሜትር ይሆናል። ፍጥነት በሰከንድ 8 ሜትር። የካሜራው መዝጊያ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ 1/800 ሰከንድ ይሁን፤ በዚያ ጊዜ ድሮኑ 1 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ፎቶው አይደበዝዝም። 1/200 ላይ ከተዋችሁት ግን 4 ሴንቲሜትር ይሄዳል፣ ትንንሹ ውኃ ከዳሩ ጋር ይቀላቀላል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ100 እስከ 200፣ የቀለም ሚዛኑ በፀሐያማ ላይ ተቆልፎ፣ የብርሃን መጠኑም በእጅ ተስተካክሎ ይሁን። አውቶማቲክ ላይ ከተተወ የቆርቆሮ ጣሪያ በመጣ ቁጥር ቀጣዩን ውኃ ያጨልመዋል።

አንዱ ባትሪ በስሙ 30 ደቂቃ ቢባልም፣ በኮምቦልቻ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ 30 በመቶ ሲቀርም መመለስ ስላለበት፣ መስመር ላይ የሚሠራው 12 ደቂቃ ያህል ነው። ይህም 25 ሄክታር ያህል ያደርሳል። በአራት ባትሪ የጠዋቷ ጊዜ እስክታልቅ 100 ሄክታር፣ በአራት ጠዋት 400 ሄክታር።

ለካርታው መቀዳደድ ዋናው ምክንያት ተዳፋቱ ነው። 120 ሜትር ያላችሁት ከተነሳችሁበት ቦታ የሚለካ እንጂ ከታች ካለው መሬት አይደለም። መሬቱ 40 ሜትር ከፍ ሲል ድሮኑ 80 ሜትር ላይ ነው የሚቀረው፤ የፎቶው ስፋት ይጠብባል፣ 60 በመቶ ያላችሁት የጎን መደራረብ ወደ 40 ይወርዳል። በዚህ መጠን ሶፍትዌሩ ፎቶዎቹን ማጋጠም ያቅተዋል። የመሬት ከፍታ መረጃ አስገብታችሁ መሬቱን ተከትሎ እንዲበር አድርጉ፤ በነፃ የሚገኘው ባለ 30 ሜትሩ የሳተላይት ከፍታ መረጃ ይበቃል። መተግበሪያችሁ ይህን የማይችል ከሆነ ተዳፋቱን በ20 ሜትር የከፍታ ልዩነት እየከፈላችሁ ለየብቻ አንሱ። ይህ ለካርታው ብቻ አይደለም፤ መሬቱን የማይከተል ድሮን ዛፍ ወይም ገደል ይገጫል። ሌላው የቀዳዳ ምንጭ ሰፊ ውኃ ነው። ሶፍትዌሩ ውኃ ላይ የሚይዘው ምልክት ስለሌለ እያንዳንዱ ፎቶ ጥቂት ዳርቻ ሊኖረው ይገባል።

ቡናማው ውኃ ነው ከባዱ። ለእሱ ካርታውን ያበላሸባችሁን ነጸብራቅ ራሱን መጠቀም ይቻላል። የካርታው በረራ ካለቀ በኋላ የካሜራውን ፊት ወደ ፀሐይ አዙሩት፣ ፀሐይዋ ከአድማስ ባላት ዲግሪ ልክ ወደ ታች አዘንብሉት። 40 ዲግሪ ላይ ከሆነች 40 ዲግሪ። ከዚያ በዝግታ ወደፊት እየሄዳችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ሣር ውስጥ የተደበቀው ውኃ ሁሉ እንደ መስታወት ብልጭ ይላል፣ እርጥብ አፈር ግን እንደዚያ አይበራም። ብልጭታውን ካርታው ላይ በነጥብ ያዙት።

ለላፕቶፑ ደግሞ፣ 400 ሄክታር 3,500 ያህል ፎቶ ነው። 16 ጊጋባይት ራም 250 ግድም ፎቶ ነው በሰላም የሚችለው። መሬቱን 500 በ500 ሜትር እየከፋፈላችሁ፣ 25 ሄክታሩን በ220 ፎቶ ለየብቻ አሠሩት። መጋጠሚያው ላይ አንድ የበረራ መስመር ይደራረብ።

የድሮው የመሬት ካርታ ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እሱ የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ ነው፣ የድሮኑ ግን ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ደብልዩጂኤስ 84። ሁለቱም ዩቲኤም 37 ሰሜን በሚባለው የካርታ ቀጠና ስለሚጻፉ አንድ ይመስላሉ፤ ሳታስተካክሉ ካነባበራችኋቸው ግን ቦታው ወደ 200 ሜትር ይዛነፋል።

ደንገል፦

የካርታ_ሠሪ ስሌት ትክክል ነው። በአንድ ነገር ግን አልስማማም፤ 400 ሄክታሩ ሙሉ መበረር የለበትም። ድሮን የሚያሳየው ውኃ ነው፣ እጭ (ውኃ ውስጥ የሚያድገውን የትንኝ ልጅ) አያሳይም። ካርታው ላይ ከወጣው ውኃ ሁሉ እጭ የሚፈልገው ሰው ሄዶ በጭልፋ ካልቀዳበት ምንም አልተሠራም፤ 400 ሄክታር የሚያወጣው ነጥብ ደግሞ ከእግረኛው አቅም በላይ ነው።

መጀመሪያ ሴንቲኔል 2 የሚያነሳውን የሳተላይት ምስል አውርዱ። ነፃ ነው፣ ደመና ካልከለከለው በየ5 ቀኑ አለ። ፒክስሉ 10 ሜትር ስለሆነ ኩሬ አያሳያችሁም፤ መሬቱ ከክረምት በኋላ የት የት ረጥቦ እንደቆየ ግን ይነግራችኋል። በዚያ ላይ የመስኖ ቦዮቹን፣ መልካዎቹንና የአፈር ማውጫ ጉድጓዶቹን ስትጨምሩ መብረር የሚገባው ወደ ግማሽ ይወርዳል። የተረፈውን ባትሪ ለሁለተኛው ዙር ተጠቀሙበት።

የሁለተኛው ዙር ነገር ዋና ነው። ትንኟ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ እንደ ሙቀቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ትፈልጋለች። በሦስት ቀን የሚደርቅ ውኃ ለወባ ምንም አያዋጣም። ከመጀመሪያው በረራ ከ8 እስከ 10 ቀን ቆይታችሁ ያንኑ መስመር ድገሙና በሁለቱም ጊዜ የተገኘውን ውኃ ብቻ አንደኛ ደረጃ ስጡት። መሃል ላይ ዝናብ ከጣለ ግን ንጽጽሩ ስለሚበላሽ ቀኑን ከዝናቡ ጀምራችሁ ቁጠሩ። በእኛ አገር የወባው ከፍተኛ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ የመጀመሪያውን በረራ መስከረም አጋማሽ ላይ አድርጉ፤ ቦርከና መጉደል ሲጀምር አሸዋው ላይ ጥሎት የሚሄደው ኩሬ ያኔ ነው የሚወለደው። በልግ የሚጥልበት ዓመት ከሆነ ሚያዝያ ላይም መድገም ይገባል።

የትኛው ውኃ ይቅደም ለሚለው፦ ዋናዋ ወባ አስተላላፊ ትንኝ አኖፊለስ አረቢየንሲስ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው፣ የማይፈስ፣ ትንሽ ውኃ ነው። ማሽላው ወይም ቄጠማው ሙሉ በሙሉ የሸፈነው ውኃ ከድሮን ቢያመልጣችሁ ጉዳቱ ፀሐይ የሚመታው የማሳ ዳር ካመለጣችሁ ያህል አይደለም። በበቆሎ ማሳ አጠገብ ያለውን ግን አስቀድሙት። በቆሎው ሲያብብ ብናኙ ውኃው ላይ ይወድቃል፣ ለእጩም ጥሩ ምግብ ይሆነዋል፤ ይህ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በጥናት የተረጋገጠ ነው። ከከተማ የሚወርደው ጥቁርና የሚሸት ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ኩሌክስ የሚባለው የሌላ ዓይነት ትንኝ ነው፤ ይነክሳል፣ ወባ ግን አያስተላልፍም።

ቦታው ላይ ስትደርሱ 350 ሚሊ ሊትር በሚይዘው ነጭ ጭልፋ፣ ጥላችሁ ውኃው ላይ ሳያርፍ፣ ቀስ ብላችሁ ከዳሩ ቅዱ። እጩ ጥላ ካየ ወይም ውኃው ከተናወጠ ይሰምጣል፤ ቸኩላችሁ ከቀዳችሁ «የለም» ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። ለትንሽ ኩሬ ከ5 እስከ 10፣ ለሰፊው ከ20 እስከ 30 ጊዜ ቅዱ። የአኖፊለስ እጭ በውኃው ፊት ላይ ጋደም ብሎ ይተኛል፣ የኩሌክሱ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ በመተንፈሻ ቱቦው ይንጠለጠላል። ፑፓ (ከእጭ ቀጥሎ፣ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ያለው ደረጃ) ካገኛችሁ ያ ኩሬ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ትንኝ ሊያወጣ ነው፣ ለነገ አይቆይም። እጭ ያላገኛችሁበትንም መዝግቡ፤ ያለበለዚያ ካርታው በሚቀጥለው ዓመት ምንም አያስተምራችሁም።

ባቲ_ሰኞ፦

የባቲውን ልመልስ፤ እዚያ ጉዳዩ ሌላ ነው። ባቲ ከተማ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ሌላዋ ወባ አስተላላፊ ትንኝ ከተገኘችባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ይህች ትንኝ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። የምትራባው በዋናነት ሰው ባጠራቀመው ውኃ ውስጥ ነው፤ በሲሚንቶ ገንዳ፣ በበርሜል፣ ክዳኑ በማይገጥም ሮቶ፣ ለግንባታ ተቆፍሮ ፕላስቲክ በተነጠፈበት የውኃ ጉድጓድ። ስለዚህ ዝናብ እስኪመጣ አትጠብቅም፣ በበጋም ትራባለች። በቦርከና ዳር የምትሠሩትን ካርታ ወደ ባቲ ብትወስዱት ከከተማው ዳር ያለውን ወንዝ ስታሳድዱ ግቢው ውስጥ ያለው በርሜል ያመልጣችኋል።

ድሮን እዚህም ይጠቅማል፣ አሠራሩ ግን ይለያል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከሚያይ ፎቶ በተጨማሪ ካሜራውን 60 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብላችሁ፣ በ50 ሜትር ከፍታ፣ ከሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች አንሱ። ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ያለው በርሜል የሚታየው እንዲያ ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ፎቶውን እንዳያነጣው የብርሃን መጠኑን ከሚለካው በ0.7 ቀንሱ። ከምስሉ ላይ የምታወጡት ሦስት ነገር ነው፦ ክፍት ገንዳ፣ በግንባታ ላይ ያለ ቤት፣ ሮቶ። የሮቶው ክዳን መክደኑን ወይም አለመክደኑን ከላይ አታውቁትም፣ መሰላል ተይዞ ይወጣል። ግንባታዎቹን ቅድሚያ ስጧቸው፤ ገንዳው ትልቅ ነው፣ ክዳን የለውም፣ ለሳምንታትም ሳይነካ ይቆማል።

ሰው ግቢ ላይ እንደምትበሩ አትርሱ። ሴቶች የሚታጠቡበት፣ ልብስ የሚሰጣበት ግቢ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ቤት ለቤት ይነገር፣ የሰው መልክ የሚለይበት ፎቶ አይቀመጥ፣ ለጤና ሥራ ካልሆነ በቀር ለማንም አይሰጥ።

የሚጠጣ ውኃ ባለበት ገንዳ ላይ አቤት የሚባለው የእጭ መግደያ ኬሚካል ከተጨመረ የመድኃኒቱ መጠን በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። መድኃኒቱ 1 በመቶ ብቻ የሆነበት ፍሬው ከሆነ ለ10 ሊትር ውኃ 1 ግራም፣ ለ200 ሊትር በርሜል 20 ግራም ማለት ነው። በዓይን ግምት አይሆንም፣ በሚዛን ተመዝኖ በትንንሽ ከረጢት ይዘጋጅ። መክደን የሚቻለው ግን ይከደን፤ ክዳኑ ዙሪያውን ካልገጠመ ትንኟ በቀጭን ክፍተት ትገባለችና በጥቅጥቅ መረብ ይታሰር።

ሐርቡ_ጤና፦

እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀረኝ። ካሜራው ይገዛ ወይስ አይገዛ? ደግሞም ካርታው ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ በምን መልክ ይድረስ? ስልካቸው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ኔትወርኩም ይጠፋል።

ካርታ_ሠሪ፦

ለዚህ ዓመት አትግዙ። ውኃ ዓይናችን የማያየውን ከቀይ በላይ ያለውን ብርሃን ይውጠዋል፣ ቅጠል ግን አጥብቆ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከአረንጓዴው ብርሃን ላይ ከቀይ በላይ ያለው ተቀንሶ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል፣ ውኃው ከዜሮ በላይ፣ ተክሉ ከዜሮ በታች ይወጣል። ንጹሕ ኩሬ ላይ ግሩም ነው። እናንተ ያላችሁት ግን ከክረምት የወረደ ድፍርስ ውኃ ነው፣ ደለሉ ያንን ብርሃን ስለሚመልሰው ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይጠጋና ከእርጥብ አፈር ጋር ይገናኛል። የገደልና የዛፍ ጥላም በስህተት ውኃ ተብሎ ይመጣል። በዚያ ላይ የእነዚህ ካሜራዎች ፒክስል በዚያው ከፍታ ከተራው ካሜራ ይሰፋል፣ ከየበረራው በፊትም የማነጻጸሪያ ሰሌዳው መነሳት አለበት። ገንዘቡን ለተጨማሪ አራት ባትሪና ለ64 ጊጋባይት ራም አውሉት። መለየቱን በሰው ዓይን ሥሩት፤ ኪውጂአይኤስ ላይ 1፡300 አቅርባችሁ፣ ሁለት ሰው ለየብቻው ይሳል፣ የተለያዩበትን ሄዳችሁ እዩ።

ካርታውን በኤ3 ወረቀት በ1፡2000 አትሙት። 500 በ500 ሜትሩ ቁራጭ 25 ሴንቲሜትር ስለሚሆን አንድ ገጽ ላይ ይገባል። እያንዳንዱ ውኃ ቁጥር ይኑረው፤ ቁጥሩ በሁለተኛው ዙር እንዳይቀየር። በስተጀርባው ሠንጠረዥ ይታተም፦ ቁጥር፣ የተደረሰበት ቀን፣ ውኃው አለ ወይም ደርቋል፣ ስንት ጭልፋ ተቀዳ፣ ስንቱ እጭ ነበረው፣ ፑፓ፣ የተወሰደ እርምጃ። ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ድልድዩን በስማቸው ጻፉበት፤ ሰው መንገዱን የሚያውቀው በእነሱ ነው። ስልኩ ለሚችል ኪውፊልድ በሚባለው የስልክ ካርታ መተግበሪያ ላይ ቀድማችሁ ጫኑለት፣ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። የድሮኑ ጂፒኤስ ጥቂት ሜትር ቢስትም ሰው ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ ኩሬውን ያገኘዋል፤ ስለዚህ መሬት ላይ ምልክት ማድረጉን ሁለቱን ዙር ለማነባበር ብቻ፣ በየቁራጩ አምስት አድርጋችሁ ተጠቀሙበት።

ከበረራ እስከ እትመት ከሦስት ቀን አይለፍ። ሁለት ሳምንት የቆየ ካርታ የደረቀ ኩሬ ይዞ ሰው ያንከራትታል።

ደንገል፦

አንድ ልጨምር፣ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። በዚህ አገር የድሮን ድምፅ ሲሰማ ሕፃን ይዞ የሚሮጥ ሰው አለ፣ ምክንያቱንም ሁላችንም እናውቃለን። በእጃችሁ ያለው ፈቃድ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ ለሰዉ አይደለም። ከመብረራችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ በቀበሌው፣ በጁምዓ ሶላት፣ በቅዳሴ፣ በገበያ ቀን ይነገር፤ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ፣ ምን ሊፈለግ እንደሆነ። የምትነሱበት ቦታ ገላጣ ይሁን፣ የጤና ባለሙያ ነጭ ጋውን ለብሶ አጠገቡ ይቁም፣ የመጀመሪያውን ፎቶ ለሽማግሌዎች አሳዩ። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ስለሆነ በየጠዋቱ ከማማው ጋር ሳትነጋገሩ አትነሱ። የጸጥታው ሁኔታ ያላማረበት ጠዋት ከሆነ ድሮኑ ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ፤ የዚያን ቀን መልካዎቹን በእግር ዙሩ።

ጭላት ከመጣባችሁ ደግሞ ወደ ጎን አትሽሹ፣ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ጨፌው አካባቢ ብዙ ናቸው።